ሁለት የብርድ ወቅት ያለፈው የአቲክ ኢንሱሌሽን ሥራ፦ ከሴንት ፖል የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው ቤታችን አቲክ ውስጥ የተሠራልንን የአየር ማሸግና የኢንሱሌሽን፣ ማለትም ሙቀት እንዳያመልጥ የሚነጠፍ መከላከያ፣ ሥራ ነው። አቲክ የምለው በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለውን፣ ሰው የማይኖርበትን ክፍተት ነው። ሥራው ካለቀ ሁለት ሙሉ የብርድ ወቅቶች አልፈዋል፤ በእነዚህ ጊዜያት ማሞቂያው በሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚሠራና መኝታ ክፍሎቹ ስንት ዲግሪ እንደሚደርሱ በማስታወሻ ስይዝ ስለ ቆየሁ የምሰጠው አስተያየት በዚያ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ነው። የሠራልንን ድርጅት ስም ትቼዋለሁ፤ በሌላ ከተማ ያለ አንባቢ ከስሙ ይልቅ የሥራው ዓይነት ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ።

ቤቱ በ1950ዎቹ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ስንገዛው አቲኩ ውስጥ ነጭ፣ ለስላሳና በጣም ቀላል የሆነ በማሽን የተነፋ ፋይበርግላስ፣ ማለትም ከመስታወት ክር የተሠራ መከላከያ፣ ነበረ። የቤት መርማሪው በሪፖርቱ ላይ ጥልቀቱ 12 ኢንች፣ የሙቀት መከላከያ አቅሙም አር-30 ገደማ እንደሆነ ጽፎ ነበር። አር የሚባለው ቁጥር አንድ ነገር ሙቀት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ሲሆን፣ ቁጥሩ ባደገ መጠን መከላከያው ይጠነክራል። አር-30 ለዚህ አካባቢ ብርድ ዛሬ ከሚጠየቀው ያነሰ ቢሆንም ባዶ እጅ የሚያስቀር አይደለም፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት በኖቬምበር ቤቱ ሲሞቅና ሂሳቡም መጠነኛ ሲሆን ነገሩ ደህና ነው ብለን ነበር።

ጃንዋሪ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ውጭው ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ፋራናይት በደረሰባቸው ሌሊቶች ማሞቂያው በሰዓት 48 ደቂቃ ያህል ይሠራ ነበር፤ ቴርሞስታቱ 68 እያለ የልጆቹ መኝታ ክፍል ከ62 አያልፍም ነበር። ብርዱ ሲበረታ ማሞቂያው ብዙ መሥራቱ የሚጠበቅ ነው። ያልጠበቅሁት ግን ጭማሪው ከብርዱ ጋር እኩል አለመራመዱ ነበር፤ የውጭው ሙቀት በእያንዳንዱ 10 ዲግሪ ሲወርድ ማሞቂያው የሚጨምረው ጊዜ እየበዛ ሄደ። አንድ መከላከያ አቅሙ የማይለዋወጥ ከሆነ እንዲህ ያለ ጠባይ ሊያሳይ አይገባም። ስለ ልቅ ፋይበርግላስ ማንበብ የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያነበብሁትም ኋላ ሠራተኛ ስመርጥ እጅግ ጠቅሞኛል።

በአገራችን በደጋን የተነደፈ ባዘቶ ያየ ሰው ጉዳዩን በቀላሉ ይረዳዋል። ባዘቶው የሚያሞቀው ጥጡ ራሱ ስለሚሞቅ ሳይሆን በክሮቹ መካከል የተያዘው አየር ስለማይንቀሳቀስ ነው። ፋይበርግላስም እንዲሁ ነው፤ የመስታወቱ ክር ከጠቅላላው መጠን እጅግ ጥቂቱ ሲሆን ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የቆመው አየር ነው። አየሩ ቆሞ እስከቀረ ድረስ ቁጥሩ እውነት ነው። አየሩ መንቀሳቀስ ከጀመረ ግን ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ ጥልቀቱን በማስመሪያ መለካት ስለ መከላከያው ብዙም አይነግረንም።

በብርድ ወቅት የኢንሱሌሽኑ ሥር ሞቃት ኮርኒስ ላይ ያርፋል፤ ላዩ ደግሞ ከውጭው ብዙም ለማይሻል ቀዝቃዛ አየር ተጋልጦ ይቀራል። ሞቃት አየር ቀላል፣ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ይህ አቀማመጥ የተገለበጠ ሚዛን ነው፤ ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች። የሙቀቱ ልዩነት ትንሽ ሲሆን የክሮቹ ጥልፍልፍ አየሩን ይይዘዋል። ልዩነቱ ከአንድ መጠን ሲያልፍ ግን አየሩ መያዣውን ይበረታበትና፣ በአንዳንድ ቦታ ሞቃቱ ወደ ላይ እየወጣ በሌላው ቀዝቃዛው ወደ ታች እየወረደ በኢንሱሌሽኑ ውስጥ ትንንሽ ዑደቶች ይፈጠራሉ። ዑደቱ መቼ እንደሚጀምር የሚወስኑት ዋናዎቹ ነገሮች የሙቀት ልዩነቱ፣ የንብርብሩ ውፍረትና ቁሱ አየር የማሳለፍ ባሕርዩ ናቸው። ውፍረቱ ከእነዚህ መካከል መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ አየር በቀላሉ የሚያሳልፍን ቁስ በራሱ ዓይነት ላይ እየጨመሩ ማወፈር ዑደቱን ለመቀስቀስ የሚያግዝበት ሁኔታ አለ።

በሙቀት ወቅት ጉዳዩ ተቃራኒ ነው። አቲኩ ከቤቱ ይበልጥ ስለሚሞቅ ሞቃቱ አየር ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ይሆናል፤ ሁሉም በቦታው ስለሆነ ዑደት አይነሣም። ስለዚህ ያው ኢንሱሌሽን በጁላይ ሙሉ አቅሙን ሰጥቶ በጃንዋሪ፣ እጅግ በምንፈልገው ሰዓት፣ ሊያንስ ይችላል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። በቴነሲ ግዛት የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሙሉ የአቲክ ሞዴል፣ ከነኮርኒሱና ከነጣሪያው፣ የውጭ አየርን በሚያስመስል ትልቅ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሞክሮታል። በዚያ ዘመን ይሸጥ የነበረው ጥግግቱ ዝቅተኛ የሆነ ልቅ ፋይበርግላስ፣ በቤቱና በአቲኩ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ሲሆን ከተጻፈበት ቁጥር ጋር ተስማምቷል። ልዩነቱ ወደ 70 ዲግሪ ፋራናይትና ከዚያ በላይ ሲደርስ ግን የመከላከያ አቅሙ እስከ ግማሽ ገደማ ወርዷል። የላላ ወረቀት የሆነው ሴሉሎስ በተመሳሳይ ሙከራ ይህን ውድቀት አላሳየም። ብርድ ሲበረታ የቆመ አየር ሙቀት የማስተላለፍ ባሕርዩ እንደሚቀንስ ከታወሰ፣ የመከላከያው ቁጥር ከፍ ማለት ሲገባው መውደቁ የዑደቱን ጉልበት ያሳያል።

የዕቃው ጽሑፍ ይህን ለምን አይናገርም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። በአሜሪካ ሕግ በከረጢቱ ላይ የሚጻፈው የአር ቁጥር የሚለካው በአማካይ 75 ዲግሪ ፋራናይት ሲሆን፣ በሁለቱ ገጾች መካከል የሚኖረው ልዩነትም 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የተለያዩ ዕቃዎችን በአንድ ሚዛን ለማነጻጸር ጥሩ ነው፤ ለእኛ ጃንዋሪ ግን አልተዘጋጀም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 በሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ ቤቱን 68 ላይ የያዘ ሰው በዚያ ሌሊት በኮርኒሱ ላይና ታች የነበረው ልዩነት ወደ 96 ዲግሪ ይጠጋል ማለት ነው።

ጉዳቱን በቁጥር ላስቀምጥ። የ1000 ስኩዌር ፊት ኮርኒስ በእውነተኛ አር-30 ተሸፍኖ ልዩነቱ 80 ዲግሪ ቢሆን በሰዓት 2,700 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ያህል ይወጣል። አቅሙ በግማሽ ከወረደ ይህ እጥፍ ይሆናል፤ ጭማሪው ከ800 ዋት ብዙም የማያንስ የኤሌክትሪክ ምድጃ አቲክ ውስጥ ለኩሶ ሌሊቱን ሙሉ እንደ መተው ነው። ትልቅ ነው፤ ነገር ግን የቤታችንን ችግር በሙሉ አይገልጸውም፤ ቀሪውን ያሳዩኝ ባለሙያዎቹ ናቸው።

መጀመሪያ የጠራሁት ሌላ ድርጅት ነበር። የመጣው ሰው በመሰላል ወጥቶ በመግቢያው ቀዳዳ አሻግሮ በማየት፣ እዚያው ፋይበርግላስ ላይ 8 ኢንች ተመሳሳይ ፋይበርግላስ ጨምረን እናነፋለን፣ ግማሽ ቀን ይበቃናል አለ። ስለ አየር ፍሰት ስጠይቀው ጥልቀቱ ሁሉንም ይፈታዋል ብሎ መለሰልኝ። ዋጋው ዝቅተኛ ነበር፤ ግን በአቲኩ ውስጥ አንድ እርምጃ ሳይራመድ ዋጋ የሰጠ ሰው ሥራውን እንደማያውቀው ወይም እንዳላሰበበት ስለተሰማኝ አልተቀበልሁትም።

ሁለተኛው፣ በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ድርጅት፣ አሠራሩ ፈጽሞ የተለየ ነበር። ኃላፊዋ ከሁሉ በፊት በዋናው በር ላይ ትልቅ ማራገቢያ ተክላ ከቤቱ አየር እየሳበች የሚያፈስሰውን መጠን ለካች፤ በ50 ፓስካል ግፊት 2,900 ኪዩቢክ ፊት በደቂቃ ሆነ። ማራገቢያው እየሠራ በሙቀት ካሜራ ኮርኒሱን ስታሳየኝ በየግድግዳው ራስ፣ በመብራቶቹ ዙሪያ፣ በጭስ ማውጫው አጠገብና በአቲኩ መግቢያ ክዳን ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች ታዩ። በመኝታ ክፍሉ ኮርኒስ መካከል፣ ምንም ቀዳዳ በሌለበት፣ እንደ ደመና የተበታተኑ ቀዝቃዛ ንጣፎችም ነበሩ፤ ማራገቢያው ጠፍቶ እንኳ አልጠፉም። ቀዝቃዛ አየር በኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሚወርድባቸው ቦታዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ስትነግረኝ ያነበብሁትን በዓይኔ ያየሁ ያህል ተሰማኝ።

ከዚያ አቲኩ ውስጥ ገብታ ፋይበርግላሱን በየቦታው ገለጠች። በብዙ ቦታ ሥሩ ጠቁሮ ነበር፤ ከቤት የሚያመልጠው አየር ለዓመታት አቧራውን እያጣራ እዚያ ጥሎት ሄዷል። የጣሪያው ጣውላ ላይ የሚስማሮቹ ጫፎች አመዳይ ይዘው ነበር። ይህን እያንዳንዱ የእኛ ቤተሰብ ልብ ሊለው ይገባል፤ ወጥ ለረጅም ሰዓት የሚንተከተክበትና እንጀራ በምጣድ የሚጋገርበት ቤት ብዙ እንፋሎት አለው፤ የእኛም የወጥ ቤት ማራገቢያ ቱቦ ወደ ውጭ ሳይደርስ አቲኩ ውስጥ ተቋርጦ ስለነበር ያ ሁሉ እንፋሎት ጣሪያው ሥር ይቀዘቅዝ ነበር። በፌብሩዋሪ መለስ ያለ ቀን ሲመጣ ኮርኒሱ ላይ የምናየው እርጥበት ከጣሪያ ማፍሰስ ይመስለን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ሁለት ቀን ወስዷል። በመጀመሪያው ቀን ኢንሱሌሽን የሚባል ነገር አልነካኩም ማለት ይቻላል፤ ያለውን ወደ ጎን እየገፉ የግድግዳ ራሶችን፣ የሽቦና የቧንቧ ቀዳዳዎችን በፎም፣ ማለትም በሚደርቅ አረፋ፣ አሸጉ፤ የጭስ ማውጫውን ዙሪያ እሳት በማይጎዳው ማሸጊያና በቆርቆሮ ዘጉ። በኮርኒስ ውስጥ የተቀበሩትን አሮጌ መብራቶች ኢንሱሌሽን ሊነካቸው በሚፈቀዱ አዳዲሶች ተኩ፤ የወጥ ቤቱን ቱቦ ወደ ውጭ አወጡ። በጣሪያው ጠርዝ ዳር ዳሩን፣ ከሶፊቱ፣ ማለትም ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካለው የአየር መግቢያ፣ የሚገባው ነፋስ በኢንሱሌሽኑ ውስጥ ሳይነፍስ ከላዩ እንዲያልፍ የሚመሩ ሰሌዳዎች ተከሉ። ይህ የመጨረሻው በቀላሉ የሚዘነጋ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው ነፋስ ላይ ቢቆምና ጫፉ ቢገለጥ ጋቢው ለዚያ ጎን አይጠቅመውም፤ በጠርዙ ያለው ልቅ ኢንሱሌሽንም ነፋስ ሲገባበት እንዲሁ ነው፤ የማእዘን ክፍሎች የሚቀዘቅዙትና ሻጋታ የሚጀምራቸውም ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በሁለተኛው ቀን አሮጌውን ፋይበርግላስ ሳያወጡ አስተካክለው ካነጠፉት በኋላ በላዩ ሴሉሎስ ነፉበት፤ ከረጋ በኋላ 6 ኢንች የሚሆን። ሴሉሎስ ከተፈጨ ጋዜጣ የሚሠራና እሳት እንዳይበላው በቦሮን ጨው የሚታከም ነው። ለአንድ ኪዩቢክ ፊት ልቅ ፋይበርግላስ ግማሽ ፓውንድ ገደማ ሲመዝን፣ ሴሉሎስ እስከ ሦስት እጥፍ ይመዝናል፤ ቅንጣቶቹም ደቃቃ ስለሆኑ አየር በውስጡ እንደ ልቡ አይመላለስም።

ይህ ክዳን ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚያየው የተጨመረውን አር-21 ብቻ ነውና። ከላይ የተዘረጋው ሴሉሎስ ቀዝቃዛው አየር በቀጥታ ወደ ፋይበርግላሱ እንዳይወርድ ይዘጋል። ከዚህም በላይ ልዩነቱን ይካፈላል፤ በጠቅላላው የ80 ዲግሪ ልዩነት ሲኖር 33 ያህሉ በሴሉሎሱ ውስጥ ይወድቃል፤ ለፋይበርግላሱ የሚቀረው 47 ብቻ ነው። ዑደት ሊነሣበት ይችል የነበረው ንብርብር አሁን በኖቬምበር በነበረው ዓይነት ቀላል ሁኔታ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ አሮጌው ኢንሱሌሽን ጠፍቶበት የነበረው አቅም ተመልሶለታል። የተከፈለው ለ6 ኢንች ቢሆንም የተገኘው ከዚያ ይበልጣል። በኦክ ሪጅ ሙከራም ልቁን ፋይበርግላስ በሌላ ሽፋን መሸፈን ውድቀቱን እንደሚያስቀር ታይቷል።

ሲጨርሱ የበሩን ማራገቢያ እንደገና ተክለው ለኩ፤ ከ2,900 ወደ 2,100 ወርዷል። ቤቱ ስለታሸገ የውሃ ማሞቂያው ጭስ ወደ ቤት እንዳይመለስም ፈተሹ። ይህን ሳያደርግ የሚሄድ ሠራተኛ ሕይወት ላይ ይጫወታል ብዬ አምናለሁ፤ በጭሱ ውስጥ ያለው መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም።

ውጤቱን በተመሳሳይ ሌሊቶች አነጻጽሬዋለሁ። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ጊዜ ማሞቂያው በሰዓት ይሠራ የነበረው 48 ደቂቃ ወደ 40 ወርዷል። የልጆቹ ክፍል 66 ይደርሳል። በጣሪያው ክፈፍ ላይ ይንጠለጠሉ የነበሩት ከባድ የበረዶ ዘንጎች በሁለቱም ዓመት አልታዩም፤ በጣሪያው ላይ ያለው በረዶ ከሥር ስለማይቀልጥ ጠርዝ ላይ ደርሶ የሚረጋ ውሃ የለም። እኔን ይበልጥ ያረካኝ ግን ማሞቂያው ከብርዱ ጋር በልኩ መራመዱ ነው፤ ያ ከልክ ያለፈ ጭማሪ ጠፍቷል። ከስምንቱ ደቂቃ የሚበልጠው ድርሻ የመጣው ከማሸጉ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የኮርኒሱ ሒሳብ ብቻውን ያን ያህል አይሞላም። ስለዚህ ሴሉሎሱን ብቻ አስነፍቶ ማሸጉን መተው ገንዘብን በግማሽ መንገድ መጣል ነው።

ጉድለቶችም ነበሩ። የአቲኩን መግቢያ ክዳን በወፍራም ፎም እንሸፍናለን ብለው በውላቸው ጽፈው ሳያደርጉት ሄዱ፤ ሦስት ጊዜ ደውዬ ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው የሠሩት። ክዳኑ ትንሽ ቢመስልም ባዶ ጣውላ ስለሆነ በዙሪያው ካለው ሁሉ እጅግ ብዙ ሙቀት ያሾልካል። የሴሉሎሱ አቧራም ከፍተኛ ነበር፤ መተላለፊያውን በፕላስቲክ ቢጋርዱትም ወደ ሳሎን ገብቷል፤ አስም ያለበት ሰው በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ባይውል ይሻላል። በሰሜኑ ማእዘን፣ ጣሪያው በሚያጥርበት፣ ከተባለው 6 ኢንች ያነሰ ሆኖ አግኝቼ አስጨምሬያለሁ። ያገኘሁት እነርሱ ራሳቸው በተከሏቸው የመለኪያ ካርዶች ነው፤ ለእያንዳንዱ 300 ስኩዌር ፊት አንድ ካርድ፣ ቁጥሩ ወደ መግቢያው ዞሮ መተከል አለበት፤ እነርሱም በትክክል አድርገውታል።

ይህን ሥራ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ከሠራተኛው የሚቀበለውን ወረቀት ሳያነብ አይፈርም። ሕጉ የተሸፈነውን ስፋት፣ ሲነፋ የነበረውንና ከረጋ በኋላ የሚቀረውን ውፍረት፣ የአር ቁጥሩንና ያለቀውን የከረጢት ብዛት እንዲጽፉ ያስገድዳል። የከረጢቱ ብዛት ከሁሉ ይበልጣል፤ በማሽን አየር አብዝቶ በመንፋት ውፍረትን ማሳመር ይቻላል፤ ያ አየር የበዛበት ልቅ ንብርብር ደግሞ ዑደት በቀላሉ የሚነሣበት ነው፤ ከረጢት ግን አይዋሽም። ፋይበርግላስን ጨርሶ እየነቀፍሁም አይደለም፤ ከእነዚያ ሙከራዎች ወዲህ አምራቾች ምርታቸውን ለውጠዋል፤ ስለዚህ አዲስ ፋይበርግላስ የሚያስነፋ ሰው በከፍተኛ የሙቀት ልዩነት የተደረገ ሙከራ ውጤት እንዲያሳዩት ይጠይቅ። በአሮጌ ቤት አቲክ ውስጥ ግን ጠጠር የሚመስል፣ የሚያብለጨልጭ ግራጫ ቡናማ ቅንጣት ያገኘ ሰው እጁን ይሰብስብ፤ ከሞንታና ሊቢ ማዕድን የወጣውና ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ቨርሚኩላይት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ማዕድን በሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ጭምር ይቀነባበር ስለነበር በዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለሥራው ከአምስት አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ ለቀጠሮና ለንጽሕና ሦስት። በቤተ ክርስቲያናችን ያሉ አንዲት እናት የእርሳቸውንም አቲክ እንዲሠሩላቸው ለኦክቶበር ቀጠሮ አስይዤላቸዋለሁ፤ የመጨረሻው ክፍያ የመግቢያው ክዳን ከተሸፈነ በኋላ እንዲሆንም በውሉ ላይ አስጽፌያለሁ።